ሽንሽኗ በእምቧይ ሥር ላይ

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። መስመሬ እንዳይወላገድ የተሰመረ ወረቀት ከሥር አድርጌ ነው የምጽፍልዎት። እዚህ ላይ ሲደርሱ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ቤት ቀየርኩ። አንድ ክፍል ነው፤ ግን ከኋላው በመስታወት የተዘጋ ጠባብ በረንዳ አለው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይሞላበታል። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ የራሴ የምለው ፀሐይ ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ባልዲ ገዝቼ አፈር ሞላሁባቸውና ምን ልትከል ብዬ ተቀመጥኩ። ሌላ ምንም አልመጣልኝም፤ ሽንሽኗ ብቻ።

አክስቴ፣ የእናቴን ቲማቲም ዘር ይላኩልኝ። እዚህ ገበያ ላይ ያለው ቲማቲም ሁሉ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። እናቴ ትሰፋው እንደነበረው ጉርድ ቀሚስ ዙሪያውን የተሸነሸነ አንድም አላየሁም። በመጨረሻዋ ሰሞን ዘሩን እጅዎ ላይ አድርጋ «ለልጄ አቆዪላት» እንዳለችዎት ነግረውኛል። እስካሁን የምተክልበት ስላልነበረኝ አልጠየቅኩም። አሁን አለኝ።

ሥራዬ እንደ ወትሮው ነው፤ እዚያው የግብርና ድርጅት ውስጥ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አደራዬን ስለጠበቁልኝ ፈጣሪ ዕድሜ ይጨምርልዎ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 1 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለልጄም፤

ሰላምና ጤና ካንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ ስወርድ ዝም ይላል፤ ስለዚህ በግማሽ ደህና ነኝ። መስመርሽ ቀጥ ብሏል፤ ተደስቻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ማተሚያ ቤት አራሚ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ከባዱን ነገር ለገጽ ግርጌ አስቀርቼ አላውቅም፤ ዛሬም አላስቀርም። ዘሩን ልልክልሽ አልችልም።

ሦስተኛ ዓመቱ ነው፤ ጓሮው ቲማቲም መግደል ጀምሯል። ችግኞቹ በደንብ ይነሳሉ፣ ያብባሉ፤ ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት አረንጓዴ ሆነው ቆመው ያየኋቸው እኩለ ቀን ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥለው አገኛቸዋለሁ። ውሃ ባጠጣቸው አይነሱም። ቅጠላቸው ቢጫ እንኳ ሳይሆን ነው የሚሞቱት። አምና ከሩቅ አፈር አስመጥቼ በቆርቆሮ ተከልኩ፤ ያም ወደቀ። ውሃው ከዚያው ከጓሮው ጉድጓድ ነውና በሽታው አብሮ ተቀድቶ ይሆናል።

የቀረኝ በእናትሽ የመርፌ ቆርቆሮ ውስጥ ያለች አንዲት ቁንጣሪ ዘር ናት፤ ያውም ያረጀች። ብልካት በመንገድ ልትጠፋ ትችላለች፤ ብዘራት ደግሞ አፈሩ ይገድላታል። ዘንድሮ ፍሬ ካላፈራች ሽንሽኗ አለቀላት ማለት ነው። እናትሽ የሰጠችኝ ነገር እጄ ላይ ሲጠፋ እያየሁ ነው ያለሁት፤ ይህን ከማንም በፊት አንቺ ማወቅ ይገባሻል።

ከአጥር ማዶ አንድ ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ገብቷል። መኪናው የቱንም ያህል ቢዘገይ ለተሳፋሪው «ይደርሳል» ይል ስለነበር ሰፈሩ ጋሽ ይደርሳል ነው የሚለው። እሱም በተራው የማተሚያ ቤት ስሜን ከየት እንደሰማው እንጃ፣ እንደ ድሮዎቹ ሠራተኞች «አራት ነጥብ» እያለ ይጠራኛል። ትናንት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣

«አራት ነጥብ፣ ቲማቲም እንደሆነ ገበያ ሞልቷል። ምን አፈር ላይ ያስለቅስሻል?» አለኝ።

«አንተ የምታውቀው መንገድ ነው፤ አደራ የት ታውቃለህ?» አልኩት።

«እንዴ! ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ በአደራ ስጭን አልነበር?»

ባልዲዬን አንስቼ ገባሁ። እውነት መናገሩ ከሌላው ሁሉ በላይ አናደደኝ።

ባልዲዎችሽን ባዶ አታስቀሪያቸው። ለጊዜው ሌላ ነገር ትከዪባቸው።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 24 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ፤ ለጉልበትዎም ምሕረቱን ያውርድለት። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ይዤው ሄጄ በምሳ ሰዓት አነበብኩት፤ ደግሜም አነበብኩት። አሁን የምነግርዎ ነገር አለ።

የግብርና ድርጅት ስልዎ ቢሮ የተቀመጥኩ እንደሚመስልዎት አውቃለሁ። ቢሮ አይደለም። ጣሪያውም ግድግዳውም ላስቲክ የሆነ፣ ሞቃትና እርጥብ አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በምላጭ የቲማቲም ችግኝ ስቆርጥ ነው የምውለው። ቆርጬ የላይኛውን ግማሽ በሌላ ተክል ሥር ላይ እቀጥለዋለሁ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለምን መሰለዎት? አፈራቸው እንደ እርስዎ ጓሮ ቲማቲም ለሚገድልባቸው ሰዎች ነው!

በመጀመሪያ በሽታውን ይለዩት። ከደረቀው ተክል ግንድ ቆርጠው በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ያንጠልጥሉት። ከቁስሉ ነጭ ነገር እንደ ክር ወደ ታች ከወረደ እኛ የምናውቀው የአፈር በሽታ ነው። የሚገባው በሥር በኩል ነው፤ የማይደፍረው ሥር ከሰጧት ሽንሽኗ ትተርፋለች።

ሥር የሚሆነው ዘመዷ ነው። ደበርጃን ይሆናል። እኛ በፓኬት የሚመጣ ዘር ነው የምንጠቀመው፤ ግን ከጓሮዎ ግንብ ሥር ማንም ሳያጠጣው የሚያድግ፣ ቢነቅሉት የማይጠፋ እምቧይ ነበር። እሱም ዘመዷ ነው። ሞክሬው አላውቅም፤ እርስዎ ይሞክሩት። እምቧዩን ቀድመው ይዝሩት፤ እድገቱ ዝግ ያለ ነው። የሁለቱም ግንድ የክብሪት እንጨት ሲያክል ሁለቱንም በሰያፍ ይቁረጡ፤ የሽንሽኗን ጫፍ በእምቧዩ ጉቶ ላይ ቁስል ለቁስል ያጋጥሙ፤ በዚህ ፖስታ በላክሁልዎ ትንንሽ መቆንጠጫ ይያዙት። ከዚያ ውሃ ረጭተው ብርሃንና ነፋስ በማይገባበት ክዳን ሥር ያስቀምጡ። ሳምንት ያህል አይክፈቱት።

ዘሯ ከእምቧይ ጋር ይደባለቃል ብለው አይስጉ። ሥሩ የሚያቀብላት ውሃና ምግብ ነው፤ ፍሬዋም ዘሯም የራሷ ነው። ይህን ሥራ ማዳቀል የሚሉት አሉ፤ እኔ መቀጠል ነው የምለው፤ እናቴ ከታች ያለቀ ጉርድ በሌላ ጨርቅ እንደምትቀጥለው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ ማተሚያ ቤት ይወስዱኝ ነበር። በታተመ ገጽ ላይ ስህተት ሲያገኙ ፊደሉን በምላጭ ፍቀው ሲያነሱት ወረቀቱ አይቀደድም ነበር። ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው። ዛሬ ምላጭ የምይዘው እንደዚያ ነው። የሥራ ኃላፊዬ «ማን አስተማረሽ?» ስትለኝ «አክስቴ» እላታለሁ። በሕይወቴ ሙሉ እንጀራ የበላሁበትን እጅ የሰጡኝ እርስዎ ነዎት፤ አመሰግናለሁ።

ልጅዎ


መጋቢት 16 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ቤትሽም በረንዳሽም ሙሉ ይሁን። የዘገየሁት ስለታመምኩ አይደለም፤ ያልጨረስኩትን ሥራ መጻፍ ስለማልወድ ነው።

መጀመሪያ ስለ ሥራሽ። ቆሞ መሥራት ነውር ነው ብዬ ያስተማርኩሽ መቼ ነው? ይህን ሁሉ ዓመት «ልጄ ቢሮ ናት» እያልኩ ሰፈሩን ሳስወራ ከረምኩ፤ ቢሮ ምን ያደርግልኛል! ስለ ምላጩ ባነበብኩ ጊዜ ደብዳቤሽን አስቀምጬ መነጽሬን ወለወልኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ግንዱን ውሃ ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ ነጩ ክር እንዳልሽው ወረደ። ጠላቴን በማወቄ ብቻ ልቤ ቀለል አለኝ።

የእምቧዩ ነገር ግን ከብዶኝ ነበር። «የእምቧይ ካብ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ሊቆም የማይችል ነገር ሁሉ ሲናድ በእሱ ነው የሚሰደበው። የእናትሽን ቲማቲም በእሱ ላይ ላቆም? ጋሽ ይደርሳል ሲሰማ ግን ሳቀ፤ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ፤ ምን ቸገረሽ?» አለኝ።

እምቧዩን አስቀድሜ፣ የሽንሽኗን ዘር ደግሞ ከሁለት ከፍዬ በየተራ ዘራሁ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ለዕድል መስጠት ሞኝነት ነውና። ከመጀመሪያው ግማሽ ጥቂቱ በቀለ። የማተሚያ ቤቱን ማጉያ መነጽር አወጣሁ፤ ቆረጥኩ፤ አጋጠምኩ። ካርቶን ደፋሁባቸው። ከዚያ ግን፣ ልጄ፣ መፈተሽ አማረኝ። ሰያፉ በትክክል ገጥሟል? አንዱ ተንሸራቶ ይሆን? በየሰዓቱ ካርቶኑን አነሳሁ። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ጠውልገው ተኙ።

ጋሽ ይደርሳል መጥቶ አየና ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለቀብር እንደመጣ ሰው። «ምን አደረግሻቸው?»

«ምንም። እያየኋቸው ነበር።»

«በቃ፣ እሱ ነዋ! ሰው አፍጥጦ ሲያየኝ እኔም ማርሽ ይሳሳትብኛል።»

ለሁለተኛው ግማሽ አንድ ነገር ወሰንኩ። ከቀጠልኳቸው በኋላ ካርቶኑን ከነችግኞቹ ለእሱ ሰጠሁት፤ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተው። ሲብሰኝ አጥሩ ጋ ሄጄ «እንዴት ናቸው?» ስለው፣

«አራት ነጥብ፣ አውቶቡስ ላይ የተጻፈውን አታነቢም? ተሳፋሪ ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው» ይለኛል።

«አንዴ ብቻ ልይ።»

«ይደርሳል።»

ደረሰ። ካርቶኑ ሲከፈት ሰባቱም ቆመው ነበር፤ ከአንዲት ጠማማ በቀር ሁለቱ ግንዶች የት እንደተገናኙ በማጉያ ካልሆነ አይለይም። ልጄ፣ ደግሜ ደግሜ «ተመስገን» አልኩ፤ ጋሽ ይደርሳልም ቆሞ አብሮኝ አለ።

ስድስቱን ዛሬ መደብ ላይ ተከልኳቸው። እናትሽ እንደምትተክለው፣ እናታችንም እንደምትተክለው፣ እስከ አንገታቸው ቀበርኳቸው። ቲማቲም በጥልቀት ካልተተከለ ነፋስ ይጥለዋል። ሰባተኛዋ ሲቀጠል ተጣማ ስለነበር መደቡ ላይ አላሰለፍኳትም፤ ለጋሽ ይደርሳል ሰጠሁት። እሱም በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ሥሯን ብቻ ነከስ አድርጎ አቆማት። «ይህ መትከል ነው ማስቀመጥ?» ብዬ ገሠጽኩት። «ጎንበስ ስል ወገቤን ያመኛል» አለ። ስንፍናም ስሙ ወገብ ሆነ!

መቆንጠጫ እንዳትልኪ፤ የለስላሳ መጠጫ ቀሰም ሰንጥቄ ብጠቀምበት ያው ነው። የመርፌ ቆርቆሮዋ አሁን ባዶ ናት። ጸልዪ።

አክስትሽ


ሚያዝያ 8 ቀን

አክስቴ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬ ለመጻፍ ይፍቀዱልኝ፤ ደብዳቤው ዛሬ ፖስታ ቤት መድረስ አለበት።

እባክዎ ይህን እንዳነበቡ ወደ ጓሮ ይውጡና አፈሩን ከአንገታቸው ይግለጡት። የተቀጠሉበት ቦታ ከአፈር በላይ መሆን አለበት። አፈር ከነካው ሽንሽኗ ከአንገቷ የራሷን ሥር ትሰዳለች፤ ያን ጊዜ በሽታው በዚያ ይገባል፤ የእምቧዩ ሥር ምንም አያድናትም።

ደብዳቤዎ ትናንት ደርሶኝ ምሳ ላይ በደስታ ለኃላፊዬ እየተረጎምኩ ሳነብላት «እስከ አንገታቸው» የሚለው ላይ ስደርስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አላውቅም ነበር፣ አክስቴ! እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፤ ከዚያ መኪና ላይ ይጫናሉ። ስንት ሺህ ችግኝ በእጄ አልፏል፤ አንዷን እንኳ ስትተከል አይቼ አላውቅም። የቤታችንን አተካከል ግን አውቅ ነበር፤ ማሰብ ነበረብኝ።

እርስዎ ስልክ ቤቴ አይገባም ብለዋል፤ የጎረቤትዎም ቁጥር የለኝም። ደብዳቤው ይፍጠን ከማለት በቀር ምንም ማድረግ አልችልም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 20 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ሰላምና በረከት ከደጅሽ አይጥፋ። ከወትሮዬ ቀድሜ የምጽፍልሽ ጥሩ ነገር ስላለኝ ነው፤ ጥሩ ነገር ደግሞ ሲውል ሲያድር ይቀዘቅዛል።

ስድስቱ ጉልበቴ ደርሰዋል፤ ቅጠላቸው ጥቁር አረንጓዴ ነው። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዋ አበባ ተከፈተች። ወንበር አውጥቼ አጠገባቸው ተቀምጬ ቁርሴን በላሁ። እናትሽ ስፌት ሲደክማት እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ሻይዋን ይዛ ከቲማቲሞቿ ጋር ትቀመጥና «እነዚህ ልክ አያስለኩ፣ ቀጠሮ አያዛቡ» ትላለች።

የጋሽ ይደርሳል ጠማማዋ ግን አሳፋሪ ናት። ማጠጣቱን ይረሳል። ቀጭን ናት፤ የተቀጠለችበት ቦታ እንደ ተሰበረ ጉልበት ዕርቃኑን ወጥቶ ይታያል። በአጥሩ በኩል ባየኋት ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

ካንቺ ሌላ ምንም አልፈልግም። በረንዳሽ ላይ ቆመሽ የተነሳሽው አንድ ፎቶ ብቻ ላኪልኝ። እጅሽ ይባረክ፤ ጓሮዬን መለስሽልኝ።

አክስትሽ


ግንቦት 27 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? በሚያዝያ የጻፉልኝ ደብዳቤ ደረሰኝ። የእኔ ደብዳቤ ሳይደርስዎ እንደጻፉት ከቀኑ አየሁ። ከዚያ በኋላ ምንም አልደረሰኝም። ፎቶውን ልኬያለሁ።

ዝምታዎን አውቀዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ሳህን ስሰብር አይቆጡም ነበር፤ ዝም ብለው ስባሪውን ይለቅሙ ነበር። ያን ጊዜም የሚከብደኝ እሱ ነበር። ሞተው እንደሆነ ይንገሩኝ። በባልዲዎቹ ሽንኩርት ተክያለሁ፤ ይበቃኛል።

ብቻ ዘሩ ቢጠፋም ያልጠፋ ነገር እንዳለ ይወቁልኝ። እናቴ ስትሞት አንዲት ቦርሳ ይዤ ቤትዎ ገባሁ። አልጋዎን ለቀቁልኝ። እኔ ራሴ ከግንዷ ተቆርጣ በእርስዎ ሥር ላይ የተቀጠለች ነኝ፤ እስከዛሬም የቆምኩት በዚያ ነው። ስለዚያ አመስግኜዎት የማውቅ አይመስለኝም።

ልጅዎ


ሐምሌ 3 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ጤና፣ ሰላምና ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ፎቶሽን ከአልጋዬ ራስጌ አድርጌዋለሁ። ከስተሻል፤ ብዪ።

ሁሉንም በቅደም ተከተል እነግርሻለሁ። ግማሽ ገጽ መላክ ስላልፈለግኩ ነው ዝም ያልኩት፤ ተቆጥቼ አይደለም።

የሚያዝያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ በወሩ ማብቂያ ላይ ነው። ነጠላ ጫማ እንኳ ሳልቀይር ወጣሁ። በማንኪያ አፈሩን ከአንገታቸው ገለጥኩ። እንዳልሽው ነበር፤ ከመጋጠሚያው በላይ ነጫጭ ሥሮች እንደ ስፌት ክር ተሰድደው አፈር ገብተዋል። አንድ በአንድ በምላጭ ቆረጥኳቸው። ዘግይቼ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዷ እኩለ ቀን ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ሌላዋ፤ ከዚያ ሁሉም። አበባቸው ፍሬ ሳይዝ ነው የሄዱት።

ነቅዬ አቃጠልኳቸው። ወንበሬን ወደ ቤት መለስኩ። የእናትሽን ባዶ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ሳስብ ሰነበትኩ። ሁሌም ብዕሬን አነሳለሁ፤ «ልጄ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ የሚቀጥለው አይመጣልኝም።

አንድ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ በኩል ቀይ ነገር አየሁ። የጋሽ ይደርሳል ካልሲ መሰለኝ። መነጽሬን አደረግኩ። የዘይት ቆርቆሮው ነበር። ያቺ ጠማማ፣ ያቺ ውሃ የተረሳች፣ ሁለት ፍሬ ተሸክማለች፤ አንዱ ገና አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፤ ዙሪያውን ተሸንሽኖ! ከዚያው ከእኛው ጉድጓድ ነበር የሚያጠጣት፤ ሲያስታውስ። መጋጠሚያዋ ግን ከአፈር ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነው የቆመው። ስንፍናው አዳናት።

ልብሱን መሬት ላይ ጥዬ በሩን አንኳኳሁ። ጋሽ ይደርሳል በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በአንድ እጁ ጨው ይዞ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ቁርስ ነዋ።»

«እንዳትነካት!»

«የማን ናት?»

«የእህቴ ናት፤ የልጄ የእናቷ።»

«እኔ የማውቀው ለእኔ እንደሰጠሽኝ ነው። ‹ይህችን ጠማማ ውሰዳት፣ ከመደቤ ጋር አትሰለፍም› አላልሽም? ወይስ ጆሮዬ ነው?»

ብያለሁ። ቃል በቃል ነው የያዘው። ስለዚህ ለመንኩት። እኔ ሰው ስለምን አይተሽኝ አታውቂም፤ ለአፍ ይከብዳል፤ ግን አያንቅም። እሱ ቢላዋውን ኪሱ ከተተና ጢሙን እያሻሸ፣

«እሺ፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ» አለ። «በትክክል የተከለው እኔ እንደሆንኩ ትናገሪያለሽ።»

«ተናገርኩ።»

«በጽሑፍ።»

ወረቀት አምጥቼ ጻፍኩለት፦ «ተክሉን በትክክል የተከለው ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤቴ ነው።» ተቀብሎኝ ወደ ፀሐይ ዞረ፤ ጣቱን መጨረሻው ላይ አድርጎ አራቱን ነጥብ ቆጠረ። «አሁን ሆነ» አለ። ግድግዳው ላይ፣ ከመንጃ ፈቃዱ አጠገብ ሰቅሎታል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያስነብባል።

ፍሬዋ እስክትለሰልስ ሁለታችንም ጠበቅናት፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ማታ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ቆረጥኳት። ዘሩን ከነፈሳሹ በብርጭቆ አፈሰስኩ፤ ሥጋውን ለሁለት ተካፈልን። ያ ጨውም ዋለልን። ስንት ዓመቴ ነው ያልቀመስኳት! ቆዳዋ ስስ ነው፤ ከከንፈር ጋር አይታገልም። የእናትሽን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ «ተካፍላችሁ ብሉ» ስትለን። ጋሽ ይደርሳል እንኳ አልቀለደም። ጣቱን ጠረገና «ለካ ለዚህ ነው» አለ።

ዘሩ ለጥቂት ቀን ውሃ ውስጥ ቆይቶ ልጋጉ ሲለቅ አጥቤ በወረቀት ላይ አደረቅኩት። ግማሹ በእናትሽ የመርፌ ቆርቆሮ ውስጥ ገብቷል። ግማሹ በዚህ ፖስታ ውስጥ ነው። በመንገድ ቢጠፋ ሌላ አለ፤ እንዳትፈሪ። የሚመጣው ዓመት ሁሉንም እንደ ጋሽ ይደርሳል እተክላቸዋለሁ፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሊያርመኝ ከአሁኑ ተዘጋጅቷል።

«ማሰብ ነበረብኝ» ስላልሽው፦ የነገርሽኝን ቁጠሪ እንጂ ያልነገርሽኝን አትቁጠሪ። አንቺ ባትነግሪኝ ሰባተኛዋም አትኖርም ነበር። ምላጭሽን፣ ጥበብሽን፣ ወረቀቱ ላይ ያፈሰስሽልኝን ሰዓት አመሰግናለሁ። እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ጋሽ ይደርሳልንም አመሰግነዋለሁ፤ ለእሱ ግን በጽሑፍ የሰጠሁት ይበቃዋል፤ ይህን እንዳትነግሪው።

በመጨረሻ አንድ እርማት። በግንቦት ደብዳቤሽ ራስሽን ተቆርጣ ከተቀጠለች ተክል ጋር ያመሳሰልሽበትን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰርዤዋለሁ። አንቺ በማንም ላይ አልተቀጠልሽም። ልጄ ነሽ።

አክስትሽ


መስከረም 16 ቀን

ይድረስ ለአክስቴ፤

ዓይንዎን ብርሃን ያድርግልኝ፤ ጉልበትዎንም ይጠብቅልኝ። እርማቱ ደርሶኛል። ተቀብያለሁ።

ፖስታው ሲከፈት ከወረቀቱ ጋር የተጣበቁ ዘሮች ነበሩ። በጥፍሬ አላቀቅኳቸው፤ አንዱም አልጠፋም። ሽንኩርቱን ነቅዬ ለጎረቤት ሰጠሁ። ዘሮቹን በትንንሽ ኩባያ ዘርቼ በረንዳው ላይ አሰለፍኩ። እርስዎ ያደረጉትን እንዳላደርግ ለጥቂት ቀን የበረንዳውን በር ቆልፌ ቁልፉን ለሥራ ኃላፊዬ ሰጠኋት። ሳቀችብኝ፤ ግን ያዘችልኝ።

በቅለዋል፣ አክስቴ።

ዛሬ የእረፍት ቀኔ ነው። ከሁሉ የጠነከረችዋን መርጬ ወደ ባልዲው አዛወርኳት። ኃላፊዬ «ሥር ላምጣልሽ? ቀጥያት» ብላኝ ነበር። አመስግኜ አያስፈልግም አልኳት። ይህ አፈር ከሱቅ የመጣ ንጹሕ አፈር ነው፤ ውሃውም ከቧንቧ ነው። ሽንሽኗ እዚህ የሚያሰጋት የለም፤ የሌላ ሥር አልሰጠኋትም፣ በራሷ ሥር ናት።

ስለዚህ በእጄ ጉድጓድ ማስኩላት፤ እናቴ እንደምትተክላት፣ እስከ አንገቷ ቀበርኳት።

ልጅዎ